ስምንት መቀነስ ያሳሳተኝ የፔዳ ካርታ

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢን፣ ሁላችንም ፔዳ የምንለውን፣ ሕንፃዎች በእርሳስ እየሣልሁ ታሪካቸውን ከሥራቸው መጻፍ ከጀመርሁ አሥር ወር ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የግቢውን ካርታ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ስለ ጨረስሁ፣ የደረስሁበትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የሚባል የለም፤ ጥበብ ሕንፃን ስድስት ጊዜ ሣልሁት፣ ስድስቱንም ጊዜ ዘመመብኝ።

ያደከመኝ ግን ሥዕሉ ሳይሆን ዓመተ ምሕረቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ሥር አለው፤ አንደኛው በሶቪየት ኅብረት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ባደረገው የሦስትዮሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። «ፔዳ» የሚለው ስም የቀረልን ከዚህ ነው። እኔም ከሁለቱም ላይ ስምንት ቀንሼ 1955 እና 1964 ብዬ በደማቅ ቀለም ጻፍሁ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ካርታውን አይተው «ልጄ፣ ወሩን ሳትይዝ በምን ቀነስኸው?» ሲሉኝ አፈርሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚቀነሰው ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ደግሞ ስምንት ነውና፣ ባዶ የፈረንጅ ዓመት ሁልጊዜ በሁለት የእኛ ዓመታት መካከል ይንጠለጠላል። ሁለቱ ተቋማት ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲው የተመረቀበት ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ግን ወርና ቀን ስላለው ከሜይ 6 ቀን 2000 ጋር ያለ ጭቅጭቅ ይገጥማል። በስልክ ያለ የቀን መቀየሪያም ወር ካልሰጡት አያድንም። ስለዚህ የአቆጣጠሩ ስም ያልተጻፈበትን ዓመት ከማመን «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት» የሚሉ አዛውንትን ማመን ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለቱን ዓመታት ፍቄ እንደ ተገኙ፣ ከነ«እ.ኤ.አ.» መልሼ ጽፌአቸዋለሁ፤ ፍቁ እስካሁን ይታያል።

ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር ብቻ ልምከር። ከተማችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ግድግዳን የምትፈትነው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ናት። እኔም እርሳስ ሳላነሣ ሕንፃውን ጠዋት በ3 ሰዓትና ከሰዓት በ10 ሰዓት እዞረዋለሁ፤ መስኮቱ ወዴት እንደ ዞረና ጥላው የት እንደሚወድቅ ያየ ሰው የመሐንዲሱን ሐሳብ ግማሹን አገኘ ማለት ነው። ፎቶ አንሥቶ ቤት ገብቶ መሣልን አልወድም፤ ፎቶ ጥላውን በአንድ ሰዓት ላይ ያስቀረዋል።

ደረጃ መሣል ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። በካርታዬ ላይ ደረጃ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ሁሉ ዘንባባ ቆሟል፤ ግቢው ያን ያህል ዘንባባ የለውም።