እግርን በጠባብ ክፍል ውስጥ ማጠንከር

እግርን ለማጠንከር ሰፊ ቦታና ከባድ ብረት የግድ ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ እኔን ብዙም አያሳምነኝም፤ ጡንቻ ጫናው ከብረት ይምጣ ከራስ ክብደት ለይቶ አያውቅም። በሁለት እግር የሚሠራው ቁጭ ብድግ ቶሎ ስለሚቀል፣ ክብደቱን ወደ አንድ እግር ማዛወር ከሁሉ የሚሻል መፍትሔ ነው። የኋላውን እግር ጠንካራ ወንበር ላይ አሳርፎ በፊተኛው ብቻ መውረድና መነሣት፣ በተለይም አወራረዱ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ እንዲፈጅ ከተደረገ፣ ጭንንና መቀመጫን በሚገባ ያደክማል። ይህም ሲቀል፣ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶችን በጀርባ ቦርሳ ተሸክሞ ጭነቱን በልክ መጨመር ይቻላል።

በቤት ውስጥ በእርግጥ የሚያስቸግረው የጭን የኋላ ጡንቻ ነው። ለእሱ በጀርባ ተንጋሎ፣ ተረከዝን በሚያንሸራትት ወለል ላይ በተነጠፈ ፎጣ ላይ አሳርፎ፣ ዳሌን ከፍ እንዳደረጉ እግርን ቀስ ብሎ መዘርጋትና መልሶ መሰብሰብ ይጠቅማል፤ ቀላል ቢመስልም ብዙዎችን በጥቂት ድግግሞሽ ያስቆማል። ለባት የደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ዝቅና ከፍ ማድረግ ይበቃል። ድግግሞሹ 8ም ይሁን 25፣ የመጨረሻዎቹ 2 ወይም 3 በእርግጥ ሊከብዱ ይገባል፤ ጉልበት ላይ የሚሰማ ስለታም ሕመም ግን ድካም ስላልሆነ ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል።