የናሙናውን ተራ ራሳችሁ ጻፉ

በዲዩተሪየምና በኦክስጅን-18 (ከባዶቹ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን አይሶቶፖች፣ ማለትም ከተለመዱት በክብደት የሚበልጡ አቶሞች) የበለጸገ ውሃ አጠጥቶ፣ ሰው በቀን የሚያቃጥለውን ጉልበት ከሽንቱ ማወቅ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ከመጠጣቱ በፊት መነሻ ሽንት ይወሰዳል፣ ውሃው ተመዝኖ ይጠጣል፣ ሰውነት ውስጥ እስኪዳረስ ጥቂት ሰዓት ተጠብቆ ናሙና ይወሰዳል፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የመጨረሻው ናሙና ይሰበሰባል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ተዉት፤ ፊኛ ውስጥ ያደረ ነው። ብልቃጡ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ይሁን። ይህን ሁሉ ያለ ችግር ጨረስን።

መከራችን የመጣው ከማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ አቶሞችን በክብደት ለይቶ ከሚለካው ማሽን ነው። ናሙናውን የላክንለት ላቦራቶሪ በመለሰው ውጤት የብዙዎቹ መነሻ ዲዩተሪየም ከፍ ብሎ ቁጭ አለ። ገና ምንም ያልጠጡ ሰዎች! በተፈጥሮ ውሃ ከሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶም ዲዩተሪየሙ 156 ያህል ብቻ ነው። ስንጠይቅ «ተሳታፊዎቻችሁ ቀድመው ቀምሰው ይሆናል» ተባልን። ኦክስጅን-18ቱ ግን ደህና ነበር። ከአንድ ጠርሙስ ዲዩተሪየሙን ብቻ መርጦ የሚቀምስ ሰው የት አለ?

ጥሬ ፋይሉን ላኩልን አልን። «ለደንበኛ አንሰጥም» አሉ። ጨቅጭቀን፣ አለቆች አስገብተን ተቀበልን። ማሽኑ አንዱን ናሙና ደጋግሞ ይወስዳል፤ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው አማካዩ ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ የመነሻው የመጀመሪያ ንባብ ከፍ ያለ፣ ሁለተኛው ዝቅ ያለ፣ ሦስተኛው ይበልጥ ዝቅ ያለ ነው፤ ገና እየወረደ ሳለ ወደሚቀጥለው ናሙና ተሻግረዋል። ለካ የደረደሩት በተሳታፊ ቁጥር ነው፤ የአንዱ የበለጸገ ሽንት እንዳለቀ የሌላው መነሻ ይገባል። ሃይድሮጅን ደግሞ የማሽኑ ሲሪንጅና የምድጃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ኦክስጅን ያን ያህል አያስቸግርም።

ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ስሌቱ የቆመው ሁለቱ አይሶቶፖች ከሰውነት በሚወጡበት ፍጥነት ልዩነት ላይ ነው። የዲዩተሪየሙ መነሻ ያለልክ ከፍ ካለ፣ ከሌሎቹ ናሙናዎች ሲቀነስ የመጨረሻው ናሙና እንደጠጡ ከተወሰደው ይልቅ ይጎዳል፤ ዲዩተሪየሙ ቶሎ የወጣ ይመስላል፣ ልዩነቱ ይጠባል፣ ሰውየውም ከሚያቃጥለው በታች ያቃጠለ ሆኖ ይጻፋል።

አንዳንዶች «ናሙናውን በዕጣ ደባልቁ» ይላሉ። ለዚህ ሥራ አልቀበለውም። መጀመሪያ የሁሉም መነሻ፣ ቀጥሎ የሁሉም የመጨረሻ ናሙና፣ በመጨረሻ ከጠጡ ጥቂት ሰዓት በኋላ የተወሰደው፤ በየመካከሉ ተራ ውሃ ይግባ። ንባቡ መውረዱን ወይም መውጣቱን እስኪያቆም ያለው ንባብ ሁሉ ይጣል፤ «ሦስት መጣል ይበቃል» ለሚላችሁ ጆሮ አትስጡ። ማሽኑ የሚስተካከልባቸውን የማመሳከሪያ ውሃዎችንም እዩ፦ ስላፕ የተባለው የአንታርክቲካ ውሃ በዲዩተሪየም እጅግ ድሃ ስለሆነ፣ ከበለጸገ ሽንት ቀጥሎ ከገባ መለኪያው ራሱ ይበላሻል። ዝርዝሩን ተራ በተራ ጽፋችሁ የላቦራቶሪውን ሰዎች አስፈርሟቸው፤ ቅር ይላቸዋል፣ ይበላቸው።

ድጋሚውን የለኩልን ሙሉ ሂሳብ አስከፍለው ነው። ያውም የተከፈቱት ብልቃጦች በክብደት ቀላሉን ውሃ አስቀድመው ስለሚያተንኑ ለምንም አይሆኑም ነበር፤ የዳንነው ከእያንዳንዱ ናሙና ሁለተኛ ብልቃጥ ፍሪዘር ውስጥ ስለነበረን ነው።