ሰውየውን ምን አስቸኮለው?

ከአገር ስወጣ አባባ 11 የሙዚቃ ሸክላ ሰጡኝ። "ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ እኔ ጋ አቧራ ከሚበላቸው አንተ ውሰዳቸው" አሉ። በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣው መሃል አስገባኋቸው። ከዚያ ወዲህ የት እንደከረሙ ብትጠይቁኝ አልጋ ሥር ነው። የሌሊት ፈረቃ፣ የቤት ኪራይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ እያለ ሸክላ ትዝ የሚለው ማን ነው? ባለፈው የበረዶ ወራት ግን አባባ በስልክ "እነዚያ ሸክላዎች አሉ?" አሉኝና አፈርኩ። ያገለገለ ማጫወቻ ገዛሁ። ወደ ኮምፒውተር ቀድቼ፣ አጽድቼ እልክላቸዋለሁ አልኩ። ሁለት የዕረፍት ቀን የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳላጥበው ነው የቀዳሁት። ጉድ ነው፤ ዘፈኑ ከእሳት ንጣጣ ጋር የተቀዳ ይመስላል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ሦስት ሰዓት ተጎልቼ አንድ በአንድ ስለቅም አመሸሁ። በማግስቱ ሸክላውን በዲስቲልድ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጥቤ ደግሜ ስቀዳው፣ ከለቀምኩት አብዛኛው ከመነሻው የለም። ቆሻሻ ነበር እንጂ ጭረት አልነበረም።

የቀረው እውነተኛው ጭረት ነው። ጭረት ደግሞ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ሸክላው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ ይላል። በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞር ሸክላ በየ1.33 ሰከንዱ ማለት ነው። የእኔን ስለካው 1.31 አገኘሁ። ያው ነው ብዬ አለፍኩት። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ክሊክ ሪሙቫል የሚባለው መሣሪያ እነዚህን በጅምላ ይለቅማል፤ ግን ከበሮ አይለይም። የመነሻ ቁጥሩ 200 ነው። "የበለጠ ይጽዳልኝ" ብዬ ዝቅ ሳደርገው የከበሮውን ምትና የመለከቱን አነሳስ እንደ ጭረት ቆጥሮ አደነዘዛቸው። በመጨረሻ በጅምላው በጥቂቱ ተጠቅሜ፣ ግትሮቹን ሪፔር በሚባለው በእጄ ጠገንኩ። እሱ በአንድ ጊዜ ከ128 ናሙና (ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚለካባት አንዲት ነጥብ) በላይ አይቀበልም። በሰከንድ 44,100 ናሙና ለሚቀዳ ሰው ይህ 3 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ለአንድ ቀጭታ ግን ይበቃል። ከስምንት ሰዓት ፈረቃ በኋላ ሞገድ አጉልቶ እሾህ መንቀል ያረጋጋል፣ ሞክሩት።

ሽሽታውን የሚቀንሰው ኖይዝ ሪዳክሽን ነው። ዘፈን የሌለበትን የሸክላውን መግቢያ ጠርዝ መርጣችሁ "ጫጫታው ይሄ ነው" ብላችሁ ታሳዩታላችሁ፤ ከዚያ ከመላው ዘፈን ላይ ይቀንሳል። ቅነሳውን 12 ዴሲቤል ላይ ባደርገው ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን መሰለኝ። 6 ላይ ሳደርገው ትንሽ ሽሽታ ቀረ፣ ሰውየው ግን ከውሃው ወጣ። ሸክላው ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ) ስለሆነ ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ ማዋሃዱም ረዳኝ፤ በሞኖ ሸክላ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚፈጥረው ኳኳታ ያኔ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

እምምም የሚለው ድምፅ ብቻ አስቸገረኝ። የምኖርበት አገር መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ መጣ ብዬ የማጫወቻውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ከማጉያው ጋር አሰርኩት። አብዛኛው ጠፋ። በጣም ስስ የሆነ ነገር ቀረ፤ ሰለቸኝና ተውኩት።

ለአባባ ላክሁላቸው። ማምሻውን ደወሉ።

"ልጄ፣ ተባረክ። ጥርት ብሏል። ግን ሰውየውን ምን አስቸኮለው?"

"አባባ፣ ያው እርስዎ የሰጡኝ ሸክላ ነው እኮ።"

"ሸክላውስ የእኔ ነው። ድምፁ ቀጥኗል። የሚያባርረው ሰው ያለ ይመስላል።"

በእውነት ቅር አለኝ። የሰማንያ ዓመት ሰው ጆሮ ነው፣ የስልኳ ድምፅ ማውጫም ደካማ ናት ብዬ ለራሴ አረጋገጥኩ። እልህ ግን አላስተኛኝም። ያቺን ስስ እምምታ ልጨርሳት ብዬ ተመለስኩ። አንድን ድግግሞሽ ብቻ ለይቶ የሚቆርጠውን ኖች ፊልተር 60 ላይ አድርጌ ብቆርጥ ንክች አላለችም። ድምፁ በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚጎላ በሥዕል የሚያሳየውን ፕሎት ስፔክትረም ከፍቼ፣ ዘፈኑ ሊጀመር ሲል ያለችውን የሁለት ሰከንድ ዝምታ አየሁ። ጉብታው ያለው 60 ላይ ሳይሆን 51 ላይ ነው። መግቢያው ጠርዝ ላይ ስፈልገው ደግሞ የለም። እኔ ቤት የገባ ቢሆን ሁለቱም ጋ በተገኘ ነበር፤ እምምታው የተቀዳው ከዘፈኑ ጋር ነው።

ያደግኩበት አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ታዲያ 51 ከየት መጣ? ያኔ ነው 1.31 ትዝ ያለችኝ። ማጫወቻዬ በመቶ ሁለት ያህል ፈጥኖ ነው የሚዞረው! ጭረቱም እምምታውም ሲነግሩኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ለማጥፋት ስጣደፍ አላዳመጥኳቸውም። በመቶ ሁለት የአንድ ሰሚቶን (ፒያኖ ላይ በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ያለው ልዩነት) ሲሶ ነው። አባባ ያንን በስልክ ሰምተዋል።

የማጫወቻዬ ሞተር ሆዱ ሥር ትንሽ የፍጥነት ማስተካከያ ብሎን አለችው። ጭረቱ በየ1.33 ሰከንዱ ቀጭ እስኪል ድረስ በቀጭን ካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ አዞርኳት። ቀደም ብዬ የቀዳኋቸውን ሌሎች አራቱን ግን ደግሜ ለመቅዳት ወገቤ እምቢ አለኝ፤ ሶፍትዌሩ ላይ በመቶ 1.96 ዝቅ አደረግኳቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ፍጥነትንና የድምፅ ቅጥነትን አብሮ የሚቀንሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ቴምፖን (የዘፈኑን ፍጥነት) ብቻ የሚቀይረው ሰውየውን ያዘገየዋል እንጂ ድምፁን አይመልስለትም።

ጥሬውን ቅጂ የድምፁን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ፣ ለብቻው አስቀመጥኩ። በአዲሱ ላይ እምምታዋ 50 ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ኖች ፊልተሩን ከፈትኩ፣ ጥቂት አየኋት፣ ዘጋሁት።

አባባ የተስተካከለውን ሁለት ጊዜ ሰሙ። ስልኩ ውስጥ ከበስተጀርባ ይሰማኝ ነበር።

"አሁን ቀስ አለ" አሉ። "የቀሩት ስድስቱስ?"