በስዊድን የዶክትሬት ቦታ ፍለጋ

በጤናና በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ዶክትሬት ለመማር ስነሣ ዓይኔን የጣልሁት ስኮላርሺፕ ላይ ብቻ ነበር። በስዊድን ግን የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜም የዩኒቨርሲቲው ደመወዝተኛ ስለሆነ፣ ቦታው የሚወጣው እንደማንኛውም ሥራ በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ባከነብኝ።

የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ለአንዱ ፕሮፌሰር የጻፍሁትን ደብዳቤ ለሌላው በላክሁ ጊዜ የፊተኛውን ስም እንኳ አልቀየርሁም ነበር። በኋላ የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ያካሄደውን የሕዝብ ጤና ጥናት ሳነብ፣ በዚያ መረጃ ላይ ተመሥርተው ዶክትሬታቸውን የሠሩ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ተረዳሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዬን የምጀምረው ከራሴ ታሪክ ሳይሆን ከተቀባዩ ጥናት ነው።