የማን ቁጥር ነው?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምክንያቱን የማላውቀው ድባቴ ተጫጭኖኝ ሳለ ጋሼ ደወሉልኝ። ደም እንዳይረጋ ስለሚወስዱት መድኃኒት፣ ስለ ዋርፋሪናቸው፣ ሲያወሩኝ ቆይተው እንደ ቀልድ «ልቤን ባቆሙት ሰዓት ግን እኔ የት ነበርኩ?» አሉኝ። ስቄ አለፍኩት፤ ስልኩ ቢዘጋም ጥያቄው አልዘጋ አለ።

እርሳቸው የት እንደነበሩ እንጃ፤ አንጎላቸው ግን ሥራ ላይ ነበር። የልባቸው ቫልቭ በቀዶ ጥገና ሲቀየር ልባቸው ፖታሲየም በበዛበት ፈሳሽ ጸጥ ተደርጎ፣ ደማቸው በቱቦ ወጥቶ በማሽን ኦክስጅን እየተሞላ ወደ ዋናው ደም ቅዳ ይመለስ ነበር። ማሽኑ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ጊበን በ1953 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ በሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ የተጠቀመበት የዚያኛው የልጅ ልጅ ነው። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከኦክስጅናችን አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚወስደውና ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ የማያስቀምጠው አንጎል እንግዲህ ያን ሰዓት የሚኖረው በፓምፕ ነው።

የሚገርመኝ ግን ፓምፑ አይደለም። ግፊት ሲወርድ የአንጎል ጥቃቅን ደም ቅዳዎች ይሰፋሉ፣ ሲጨምር ይጠባሉ፤ በዚህም ባለቤቱ በሰመመን ውስጥ ሆኖ ሳለ የደሙ ፍሰት እምብዛም ሳይለዋወጥ ይቆያል። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ላሰን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳየው ሥዕል መነሻነት መማሪያ መጻሕፍት ይህ ጥበቃ አማካይ የደም ግፊት ከ50 ወይም 60 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ክልል ይሠራል ሲሉ ኖረዋል። ሥዕሉ የተሠራው ግን ከተለያዩ ሰዎች ስብስቦች አማካይ ነው፤ ማንም ሰው ደግሞ አማካይ ሆኖ አልጋ ላይ አይተኛም። በልብ ቀዶ ጥገና ላይ ያሉ ሰዎች አንድ በአንድ ሲለኩ የታችኛው ወሰን አንዱ ዘንድ 40 አካባቢ፣ ሌላው ዘንድ እስከ 90 ሆኖ ተገኝቷል። ታዲያ በማሽኑ ላይ ግፊቱ 65 ተደርጎ ሲያዝ፣ ይህ 65 የማን ቁጥር ነው?

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮፐንሃገን ጥናት አንዱን ቡድን ከ40 እስከ 50፣ ሌላውን ከ70 እስከ 80 በሚደርስ ግፊት ይዞ ሲያነጻጽር፣ በአንጎል ምስል ላይ በሚታየው አዲስ ጉዳት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ለእኔ ይህ ብዙም አልደነቀኝም፤ ሁለቱም ወገን ለሁሉም አንድ ቁጥር ነበርና የሰጠው። በዚያ ላይ ጉዳት የሚያመጣው ግፊት ብቻ አይደለም፤ ከደም ቅዳ ግድግዳ ተፈልቅቆ የሚሄድ ፍርፋሪም አለ።

የእያንዳንዱን ሰው ወሰን የሚፈልጉት ደግሞ ግንባር ላይ በሚለጠፍ የብርሃን መለኪያ የአንጎልን ኦክስጅን ይከታተላሉ። ግፊቱ በዝግታ ከፍ ዝቅ ሲል ኦክስጅኑም አብሮት ከፍ ዝቅ ካለ ጥበቃው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ግፊቱ ተወዛውዞ ኦክስጅኑ ባለበት ከቆየ ሰውየው ደህና ነው። ይህ አለካክ ደስ ይለኛል፤ ጤንነት የሚታወቀው አንዱ ሌላውን ባለመከተሉ ነውና። ቀዝቅዞ የቆየው ሰውነት መልሶ ሲሞቅ ይህ ጥበቃ ሊላላ እንደሚችል ሳነብ ግን፣ ዓመታት ላለፉት ቀዶ ጥገና ዛሬ ተነሥቼ መሥጋት ጀመርኩ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም የራሱ ሥልጣን አለው፤ በደም ውስጥ ሲጨምር ደም ቅዳዎቹን ያሰፋል፣ ሲያንስ ያጠባቸዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ትንፋሼን መቁጠር ጀመርኩ፤ ቆይቶም ከመሳቢያው የግፊት መለኪያውን አውጥቼ ክንዴ ላይ አሰርኩ። 118 በ76 አለኝ፤ በታችኛው ላይ የልዩነታቸውን ሲሶ ደምሬ ሳሰላው አማካዩ 90 ነው። ወሰኔ የትኛውም ይሁን፣ ለአንጎሌ የሚበቃ ደም እየደረሰው ይመስላል። ይህን ሁሉ ደም ተቀብሎ በዚህ ሌሊት ምን እንደሚሠራበት ግን መለኪያው አይናገርም።