ክርህ እስከ የት ነው?

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ይሁን እንጂ መንጠቆውን ይዞ ከባሕር ዳር ከተማ በእግሩ ወደ ዳርቻው ለሚወርድ ሰው ይህ ሁሉ ስፋት አይደርሰውም። አንዱ ጋ ደንገል፣ ሌላው ጋ እግር የሚውጥ ጭቃ፣ ሌላው ጋ ደግሞ አጥር ስላለ፣ ቆሞ ክር ለመጣል የሚያመች ድንጋያማ ወይም ደረቅ መሬት በጣት የሚቆጠር ነው። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ማለዳ በእነዚህ ጠባብ ቦታዎች ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ይቆማል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ የዓሣ ገበያው በጾም ወራት እንደሚደራ ግን የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ለሽያጭ የሚያጠምደው ወጣት፣ ለቤቱ ወጥ የሚፈልገው አባወራ፣ እንደ እኔ የሳምንቱን ድካም በውኃ ዳር የሚያሳልፈው ሠራተኛ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ድንጋይ ይመጣል። በቅርቡ በዚያ ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ንግግር ወደ ግፊያ ሲለወጥ ስላየሁ፣ ስለ አብሮ መቆም የማስበውን መጻፍ ፈለግሁ።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት በነበርኩበት ጊዜ አንድ እሑድ አርፍጄ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ሁሉም ቦታ ተይዟል። አንድ አዛውንት ሁለት ቆሮሶ አከታትለው ሲያወጡ አየሁና፣ ዓሣው እዚያ ነው ብዬ ከክንዳቸው ሥር ገብቼ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ ክሬን ወረወርኩ። ረፋዱ ላይ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ሲነሣ ክሬን ገፍቶ በእርሳቸው ክር ላይ አስተኛው፤ እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይቶ የእርሳቸውን መንጠቆ አምባዛ ያዘው። አምባዛ ደግሞ ሲያዝ ወደ ደንገሉ ሥር ነው የሚሮጠው፤ በሩጫው ክሬን ጠቅልሎ ይዞት ሄደ፤ ሁለታችንም ልንስበው አልቻልንም። አጠገባችን የነበረ ሰው ምላጭ አቀበላቸውና የእኔን ክር እንዲቆርጡ ነገራቸው። እርሳቸው ግን «የሰው ክር አልቆርጥም» ብለው የራሳቸውን ቆረጡ። ዓሣውም መንጠቆውም ሄደ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ስላቸው ቁጣ አላሳዩኝም። «ልጄ፣ ሐይቁ የእግዜር ነው፤ እኔ አልከለክልህም። ክርህን ከመጣልህ በፊት ‹ክርዎ እስከ የት ነው?› ብትለኝ ኖሮ ግን ጠጋ ብዬ ቦታ እሰጥህ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለዓመታት ከእርሳቸው አጠገብ አጥምጃለሁ፤ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ግን ክር ጥዬ አላውቅም።

ብዙ ጊዜ እንዳሰብኩት፣ በእኛ ዘንድ ይህ ችግር የሚነሣው ከክፋት አይደለም። እኛ ተጠጋግቶ መኖርን የለመድን ሰዎች ነን። በታክሲ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ለመጣው ሁሉ ጠጋ ጠጋ እንላለን፤ ባዶ ቦታ እያለ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው «ምን ሆኖ ነው? ኮራ እንዴ?» ይባላል። ስለዚህ ዓሣ ወደተያዘበት ሰው መጠጋት ለብዙዎቻችን የወዳጅነት ያህል ነው እንጂ ድንበር መግፋት ሆኖ አይታየንም። ነገር ግን ይኸው ተጠጋግቶ የሚኖር ሕዝብ በገበታ ዙሪያ እጅግ ጥብቅ ሥርዓት አለው። ስድስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ማንም እጁን አሻግሮ ከሌላው ፊት አይቆርስም፤ ልጅ ሳለን ይህን ስናደርግ «ከፊት ለፊትህ ብላ» ተብለን እጃችንን ተመትተናል። ወጡ መሐል ላይ ስለፈሰሰ ሁሉም የእኔ ነው የሚል የለም። እኔ የሐይቁን ዳርቻ የማየው እንደዚያ ገበታ ነው፤ መቀመጫው ጠባብ ቢሆን እንኳ የእያንዳንዱ ሰው ፊት ለፊት የታወቀ ነው፤ የአጥማጅ ፊት ለፊት ደግሞ ክሩ የወደቀበት ውኃ ነው።

በገበታ ላይ ሁሉም የሚታይ ሲሆን፣ በውኃ ላይ ግን የሰው ክር አይታይም። የጣና ውኃ በተለይ በክረምትና ከክረምት በኋላ ወንዞቹ በሚያመጡት ደለል ስለሚደፈርስ፣ ቀጭን ናይለን ከዳር ሁለት ክንድ አልፎ የት እንደሚሄድ ባለቤቱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ተንሳፋፊ ያሰረ ሰው ቢያንስ ምልክት አለው፤ በእርሳስ ክብደት ወደ ታች ያሰጠመ ግን ምንም ምልክት የለውም። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። ማለዳ ሐይቁ ሲተኛ በሁለት ሰው መካከል አምስት እርምጃ ቢበቃ፣ ቀኑ እየሞቀ ነፋሱ ሲነሣ ያው አምስት እርምጃ ምንም አይደለም፤ ክሩ ወደ ጎን ይነዳል፣ ይለጠጣል፣ የጎረቤትን ክር ያገኛል። ስለዚህ ማለዳ ተስማምተው የቆሙ ሰዎች ረፋድ ላይ እንደገና መነጋገር ይኖርባቸዋል፤ ነፋሱ ወደሚነዳበት በኩል ያለው ሰው አስቀድሞ ቢያሳጥር፣ ከነፋሱ ወገን ያለው ደግሞ እርሳሱን ቢያከብድ ነገሩ ያለ ጠብ ያልፋል።

የዓሦቹም ጠባይ የየራሱን ርቀት ይፈልጋል። ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ዳር መዋል ይወዳል። በመራቢያው ጊዜ ወንዱ በዳርቻው ወለል ላይ ክብ ጎድጓዳ ቦታ አጽድቶ ይጠብቃል፤ እንስቷም እንቁላሎቿንና የተፈለፈሉትን ግልገሎች በአፏ ይዛ ታቆያቸዋለች። እንዲህ ከዳር የሚውል ዓሣ የሰው ጥላ ሲወድቅበትና የእግር ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል። አንድ ሰው ለግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ካባበለው ቦታ ላይ ሌላው እየረገጠ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ሲደርስ የሚያጠፋው ያንን ግማሽ ሰዓት ነው። አምባዛ በተቃራኒው በጥላ ብዙም አይደናገጥም፤ በጢሙ እየዳሰሰ በጭቃው ላይ ይሄዳል፤ ሲመሽ ይበልጥ ይነቃል። የእርሱ ችግር ከተያዘ በኋላ ነው፤ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም። በዚህ ምክንያት ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው «ክር አንሡ!» ሲል በግራና በቀኙ ያሉት የራሳቸውን ክር ወዲያው መሰብሰብ አለባቸው። ይህ ውለታ እንጂ ኪሳራ አይደለም፤ ነገ እነርሱም ይጮኻሉ። ዓሣ ሊይዝ ይችል ይሆናል ብሎ ክሩን በውኃ ውስጥ ትቶ የሌላውን ትግል የሚመለከት ሰው ግን በእኔ አስተያየት በዳርቻው ላይ ከሚሠሩት ጥፋቶች ሁሉ የከፋውን ይሠራል።

ታዲያ ምን ያህል እንራቅ? አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ይደነግጋል እንጂ ሰው ከሰው ስንት እርምጃ ይራቅ አይልም፤ ሊልም አይችልም። እኔ የምከተለው ይህን ነው፦ ዳርቻው ባዶ ከሆነ ቀድሞ ከመጣው ሰው ቢያንስ ሃያ እርምጃ እርቃለሁ፤ ከተጨናነቀ ደግሞ ክሩ ከሚታሰርበት ዘንግ፣ ከሁለት ቀርከሃ ርዝመት በታች አልጠጋም። ሁለት ቀርከሃ ያልኩት መንጠቆ ወደ ኋላ ተወንጭፎ ስለሚወረወር ነው፤ ከኋላና ከጎን የቆመ ሰው፣ በተለይ ሊያይ የመጣ ሕፃን፣ ዓይኑ በዚያ መንጠቆ መንገድ ላይ ነው። ከሁለት ቀርከሃ ያነሰ ቦታ ብቻ ካለ እቀመጣለሁ፣ እጠብቃለሁ። የቀደመውን ሰው ሳገኝም «ይቅናህ» እላለሁ፤ በዕድሜ ከበለጠኝ «ይቅናዎት» እላለሁ፤ «አሜን» ካለኝ በኋላ ክሩ እስከ የት እንደሆነና ከጎኑ ብቆም እንደማስቸግረው እጠይቃለሁ። በአገራችን ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብለን ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ የመጣውም «በእግዜር» ብሎ ተቀመጡ ይላል፤ ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው ቦታውን ይለቃሉ። በዳርቻውም እንዲህ ነው፤ ጠያቂው አልጠጋም ለማለት ዝግጁ ሲሆን፣ ተጠያቂው ጠጋ ማለት አይከብደውም። በተቃራኒው ቀድሞ የመጣ ሰው ሦስት ቀርከሃ በሦስት አቅጣጫ ተክሎ፣ እርሱ ራሱ ከዛፍ ሥር ተኝቶ፣ ለመጣው ሁሉ «ተይዟል» ማለቱ አግባብ አይመስለኝም። ሰው የሚይዘው ቦታ በእጁና በዓይኑ ሊጠብቀው የሚችለውን ያህል ነው።

ስለ ተመልካቾችም አንድ ነገር መባል አለበት። ለሽርሽር የመጣ ሰው አጥማጅ ሲያይ ቀርቦ «ያዝክ?» ማለቱ ደስ ይላል፤ የማልወደው፣ ሳይጠይቅ ማዳበሪያውን ከፍቶ ውስጡን ማየቱን ነው። በዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው የሰውየው የቀን ገቢ ነው፤ ባዶ ከሆነም ባዶነቱ የራሱ ነው። ስልክ አውጥቶ ታንኳ ላይ ያለውን ሰው ወይም መንጠቆ የያዘውን ልጅ ሳያስፈቅድ ፎቶ ማንሣትም ከዚህ አይለይም።

ለደስታ የምናጠምድ ሰዎች ለእንጀራቸው ለሚያጠምዱት ቅድሚያ የመስጠት ግዴታ እንዳለብን አምናለሁ። ነገደ ወይጦ ከትውልድ ወደ ትውልድ በዚህ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱና የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ በሞተር ጀልባ በመረብ ማጥመድ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የእኛ የእሑድ መንጠቆ ከሁሉም በኋላ የመጣ ነው። ሆኖም ውኃ የጠጣ ታንኳ በዳርቻው ላይ እንዲደርቅ ሲቆም መደገፊያና መቀመጫ የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፤ የታሰረው ደንገል ሲላላ ባለቤቱ ዳግም ያስረዋል፣ የሥራ ቀኑም ይባክናል። መረብ የዘረጋ ሰው በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ምልክት ያደርጋል፤ ያን ምልክት አይቶ በላዩ መወርወር መንጠቆን በመረቡ ውስጥ መትከል ነው፤ መረቡን የሚጠግነው ሰው ደግሞ ማን እንደቀደደበት እንኳ አያውቅም። ታንኳ ከፊት ሲያልፍም ክርን መሰብሰብ ወይም ጫፉን ወደ ታች አስጥሞ ማሳለፍ የኛ ፋንታ ነው፤ ቀዛፊው በነፋስና በማዕበል ላይ ስላለ ለእኛ ሊዞር አይገባውም።

በክረምት ደግሞ ርቀቱን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዓሣውም መስጠት ያስፈልጋል። በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በሌላ በየትም ቦታ የማይገኙ ናቸው። በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ተሰብስበው እንቁላል ለመጣል ወደ ላይ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ መጨናነቅ ገና ያልወለደውን መፍጀት ስለሆነ፣ እኔ በእነዚያ ወራት ወደ ወንዝ አፍ አልሄድም፤ የሚሰሙኝንም እንዳይሄዱ እለምናለሁ።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ለሚያመሹ ሰዎች ሌላም ጨዋነት አለ። ጉማሬ አመሻሽ ላይ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፤ ያየ ሰው ቦታው እንዳይወሰድበት ወይም ሰው እንዳይስቅበት ፈርቶ ዝም ማለት የለበትም። በዚያ በኩል ላሉት ሁሉ እስኪደርስ ድረስ በአፍ ተቀባብሎ መነገር አለበት።

ቦታን ሲለቁ ደግሞ የወደቀውን የናይለን ቁራጭና መንጠቆ መልቀም ያስፈልጋል፤ ናይለን አይበሰብስም፣ የወፍ እግር ያስራል፣ በባዶ እግሩ የሚመጣውንም ልጅ ይጠብቀዋል። ክራቸውን የቆረጡልኝ አዛውንት ዕቃቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፣ ሊቀመጥ የሚጠብቅ ሰው ካለ ጠርተው ድንጋዩ የሚያንሸራትትበትን ጎንና የዚያን ቀን ዓሣው በስንት ክንድ ጥልቀት እንደያዘላቸው ይነግሩት ነበር። የተረፋቸውን ትል ደግሞ አይጥሉትም፤ በእርጥብ አፈር ሸፍነው፣ ፀሐይ እንዳይነካው ከድንጋዩ ጥላ ሥር አድርገው ለእርሱ ይተዉለት ነበር።