አድዋ የመለሳቸው ሐኪም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአድዋ ድል በዓል አደረሳችሁ!

በየዓመቱ የካቲት 23 ጠዋት ስልኬ በአንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላል። ፈረስ፣ ጋሻ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ ከላይ በትልቁ «እንኳን አደረሳችሁ»። አልጠላውም። እኔም የደረሰኝን ለሌላው ፎርዋርድ እያደረግኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። ዘንድሮ ግን ፎቶውን ትቼ ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ። አድዋ አልዘመቱም። ያን ቀን ከኢትዮጵያ ባሕር ተሻግሮ በርማ በሚባል አገር፣ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሽተኛ ያክሙ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ማለቴ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው መቅደላ ላይ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ የእንግሊዝ ጦር አምባው ላይ ወጣ። በዚያ ትርምስ መሃል የሦስት ዓመት ገደማ የጎንደር ልጅ ያለ ወላጅ ተገኘ። (ሕፃን ስለሆነ ለጊዜው «እሱ» ብለው ቅር አይበላችሁ፤ ሲመረቅ አንቱ እለዋለሁ።) አንድ የእንግሊዝ መኮንን ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። ሁለት ኮሎኔሎች ተራ በተራ አሳደጉት። ከአንደኛው ቻርልስን፣ ከሌላኛው ማርቲንን ወስዶ «ቻርልስ ማርቲን» ተባለ። አማርኛው ጠፋ። ወርቅነህ የሚለው ስም ዘመዶቹ አፍ ላይ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ አንቱ እንበላቸው። ላሆር ሕክምና ተማሩ፣ ስኮትላንድ ሄደው ጨመሩበት፣ በርማ ተመደቡ። በዘመናዊ ሕክምና የሰለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ሥራ አላቸው፣ ደሞዝ አላቸው፣ ስም አላቸው። ሰው እንዲህ ከደላደለ በኋላ ለምን ይነሳል? ከዚያ 1888 ዓ.ም. መጣና የአድዋ ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ግን ወሬው ሌላ ሆነ፦ ያሸነፈው የገዛ አገራቸው ነው፤ ያሸነፈ አገር ደግሞ ቁስለኛ አለው።

እኛ አድዋን ስናወራ ቁስለኛውን እንረሳለን። የዘመተ ሁሉ ፎክሮ በእግሩ የተመለሰ ይመስለናል። እጁ የተቆረጠ፣ እግሩ ውስጥ ጥይት የቀረ ስንቱ ነበር። ከድሉ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው የሚችሉትን አክመዋል። የቀረውን ወጌሻና እናት አስታመሙት።

ሐኪም ወርቅነህ ጥቂት ዓመታት ፈጅቶባቸው በመጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ። እኔ ከሁሉ የምወደው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። የለበሱት የፈረንጅ ልብስ፣ የሚናገሩት እንግሊዝኛ። መልካቸው ግን የእኛው። «መቅደላ ላይ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ» የሚለው ወሬ ከተማውን ዞረ። ወሬው አንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። አያታቸው ነበሩ። ልጁ ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንኳን ሌላው፣ ጺሙም በቅሏል። አያት ግን ምን ይረሳል! ልጁ ክንዱና እግሩ ላይ ጠባሳ አለው አሉ። ቢታይ እውነትም አለ።

ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። የሰው ቁስል ሲያዩ የኖሩ ሐኪም፣ በተራቸው አያታቸው ፊት እንደ በሽተኛ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ከምኒልክ ጦር ጋር በሐኪምነት ወደ ኦጋዴን በረሃ ዘምተዋል፤ እዚያ ወታደር የሚጨርሰው ጥይት ብቻ አይደለም፣ ጥማትና በሽታም ነው። ንጉሠ ነገሥቱንም አክመዋል። በኋላ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ (በዲፕሎማሲው አጠራር ሚኒስትር) ሆነዋል። በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍም ጽፈዋል፤ ቋንቋውን ካደጉ በኋላ የተማሩ ሰው መሆናቸውን እንዳትረሱ።

እኔን የሚይዘኝ ግን ቤታቸው ነው። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በሦስት ዓመቱ ቤተሰብ ያጣ ሰው ቤቱን በልጅ ቢሞላ ማን ይፈርድበታል? ከልጆቻቸው ሁለቱ፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተማሩ። ጣልያን ዳግም ሲመጣ ሁለቱም ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር ውስጥ ገቡ። (የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም ሐኪም ነበሩ፤ የእንስሳት ሐኪም።) ከራስ እምሩ ጋር እየተዋጉ እስከ ጎጀብ ወንዝ ደረሱና ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ላይ አማራጭ አጥተው እጅ ሰጡ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 12 መጣ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ፋሽስቶቹም የተማረ ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ገደሉ። ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መሃል ነበሩ። አባታቸው ያኔ እንግሊዝ አገር ሆነው ለኢትዮጵያ ይሟገቱ ነበር። መርዶውን በሰው አገር ሰሙ።

መቅደላ ከወላጆቻቸው ለያቸው፣ አድዋ ወደ አገራቸው መለሳቸው፣ ሦስተኛው ጦርነት ልጆቻቸውን ወሰደ። ከየካቲት 12 እስከ የካቲት 23 አሥራ አንድ ቀን ነው። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አንገታችንን ደፍተን፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ እንጨፍራለን። ድሮ ሁለቱ ቀናት በዚህ ፍጥነት መከታተላቸው አይመቸኝም ነበር። የሐኪሙን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ግን አንዱን ያለ ሌላው ማሰብ አልችልም።

ከነጻነት በኋላ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ትንሹን ልጄን ለበዓሉ ነጭ በነጭ ሳለብሰው ጉልበቱ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየሁ። አምና ከብስክሌት ወድቆ ነው። ስንት ዓይነት ቅባት ቀባሁባት፣ አልጠፋ አለች፤ እንዴት ተናድጄ ነበር። ዛሬ ጣቴን አሳርፌባት ትንሽ ቆየሁ። «እማዬ፣ ረፈደብን እኮ» አለኝ። ሱሪውን ወደ ታች ለቀቅኩና እጁን ይዤው ወጣን።

መልካም የድል በዓል!